የአበዛሽ አንገት

ጅቡቲ ከተማ፣ ሆዳን በሚባለው ሰፈር ውስጥ አበዛሽን በስሟ የማያውቃት በአንገቷ ያውቃታል። ረጅም ነው፤ ያውም ዝም ብሎ ረጅም አይደለም፣ እግዜር ጊዜ ወስዶ የሠራው ነው። ዙሪያውን ሦስት ረድፍ ንቅሳት አለው። ከታችኛው ረድፍ ደግሞ እንደ ሐብል ዘለላ ወደ ደረቷ የሚወርዱ ሰረዞች አሉ፤ የመሀለኛው ሰረዝ ጫፉ ላይ ትንሽ መስቀል አንጠልጥሏል። የነቀሷት እናቷ ወይዘሮ ገበያነሽ ናቸው፤ ከወልድያ በላይ ዳገቱ ላይ ባለችው መንደራቸው፣ በመርፌና በጥላሸት፣ ልጅቱ በሁለት አክስቶቿ ጉልበት መሀል ተይዛ አገር እየጠራች። ንቅሳቱ ሁለት ሥራ ነበረው፤ አንደኛው ማሳመር፣ ሁለተኛው እንቅርትን ማገድ። ማሳመሩ ተሳካ። ማገዱ አልተሳካም።

እንቅርቱ ብቅ ያለው ጅቡቲ ገብታ ማዳም ሱሪያ ቤት ሥራ ከያዘች ከዓመታት በኋላ ነው። መጀመሪያ ሎሚ አከለ፤ ከዚያ ብርቱካን። ሌላ ሴት ብትሆን ሻሽ ትጠመጥምበት ነበር፤ ጅቡቲ ደግሞ ሻሽ የማይጠፋበት አገር ነው። አበዛሽ ግን አልሸፈነችውም። «አንገቴን የሠራው አምላክ ነው፣ ያስጌጠችው እናቴ ናት፣ መሀል የገባው እንግዳ ነው። ለእንግዳ ብዬ ቤቴን አልዘጋም» ትል ነበር። እንቅርቷን ይዛ ካርቲየ 4 ወደሚባለው ሰፈር ገበያ ትወርዳለች፣ የዓሣውን ጉሮሮ ገልጣ እያየች ትመርጣለች፣ በሱማልኛ ትከራከራለች፣ አገጯን ቀና አድርጋ ትመለሳለች።

አንድ ጊዜ ጥርሷን አሟት ጉንጯ አብጦ ሳለ ዋለልኝ መጣ። ዋለልኝ የአገሯ ልጅ ነው፤ ከዶራሌ ወደብ እስከ ወልድያና ኮምቦልቻ ከባድ መኪና ይነዳል፣ በመጣ ቁጥር ከእናቷ መልእክት ያመጣላታል። አያትና፣ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው!» አላት።

«ጆሮ ደግፉስ ይድናል፤ አንተን ነው የሚያድን የታጣው» አለችው።

ዋለልኝ ይህችን መልስ ይዞ እስከ ሚሌ ድረስ ብቻውን እየሳቀ እንደነዳ ለሰው ሁሉ አውርቷል። ሌላ ነገርም ሊነግራት የሚፈልግ ይመስላል፤ ግን እሱን ሁልጊዜ ለሚቀጥለው ጉዞ ያስተላልፈዋል።

የወይዘሮ ገበያነሽ እንቅርት ግን የሚያስቅ አልነበረም። አዎ፣ እሳቸውም ነበረባቸው፤ ከልጃቸው የቀደመ፣ ከልጃቸው የገዘፈ። አድጎ አድጎ ጉሯሯቸውን መጫን ጀመረ። ዳገት ሲወጡ ትንፋሻቸው ያፏጫል፤ ጋደም ሲሉ ይታፈናሉ። ደሴ ወስደዋቸው ሐኪሞቹ «ሳይውል ሳያድር ይውጣ» ብለው ነበር። እሳቸው ወይ ፍንክች። ሞት ፈርተው እንዳይመስላችሁ፤ ሞትንስ ንቀውታል። የፈሩት ጠባሳ ነው።

ምክንያትም ነበራቸው። በመንደራቸው አንዲት ሴት እንቅርቷን አስወጥታ ተመልሳ ነበር። ቁስሉ ሲድን አበጠ፣ ተጎረበጠ፣ እንደ ገመድ አንገቷ ላይ ተጋደመ። ሰው ስሟን ትቶ «የታረደችው» ይላት ጀመር። ሕፃናት ሲያዩአት እጃቸውን በጉሯሯቸው ላይ ያሳልፉባታል። ሴትዮዋ ከሞት ተርፋ ከሰው ጎደለች፤ ገበያ ቀረች፣ ልቅሶ ቀረች፣ በስተመጨረሻም አገር ለቃ ሄደች። ወይዘሮ ገበያነሽ ይህን ሁሉ በዓይናቸው አይተዋል። «ታርጄ ከምኖር ሳልታረድ ልሙት» አሉ። እሳቸው ደግሞ አንዴ ካሉ የጥማድ በሬ ቢጎትታቸው አይመለሱም።

አበዛሽ በስልክ ለመነች፣ አለቀሰች፣ ተቆጣች። ሽማግሌም ላከች። መጨረሻ ላይ እናቷ ሰለቻቸውና፣ «እሺ፤ አንቺም እኮ አለብሽ። በይ ቅደሚና ታረጂ! አንገትሽን አይቼ እወስናለሁ» አሏት። እንዲህ ያሉት ለመገላገል ነው። ልጃቸው በዚያ አንገት ላይ ስለት እንደማታሳርፍ እርግጠኛ ነበሩ። እንዴት ያለ ኩራት እንዳላት ያውቃሉ፤ ያወረሷት እሳቸው ናቸዋ።

አበዛሽ ስልኩን ዘግታ ብዙ አላሰበችም። «እንግዲያው አንገቴ ምስክር ይሁን» አለች። ጠባሳው ካማረ እናቷ እሺ ይላሉ፣ ይድናሉም። ከተበላሸ ግን እናቷን የቀበረችው እሷው ራሷ ናት። ይህን ያን ዕለት ለራሷ ነገረችው፤ ከዚያ ወዲያም አልረሳችውም።

ዶክተር ሙሚን ረጋ ያሉ ቀዶ ሐኪም ናቸው። ሱማልኛቸውም ፈረንሳይኛቸውም ለስላሳ ነው፤ አማርኛቸው ግን «ደህና ነሽ?» ላይ ያልቃል፤ የአበዛሽ ሱማልኛም ከገበያ አያልፍም። ያስተረጎመችላት ነርሷ ጀዋሪያ ናት፤ ድሬዳዋ ተወልዳ ጅቡቲ የተዳረች፣ ፈጣን ሴት።

«ክፉ እንቅርት አይደለም፤ ግን እያደገ ነው። ይወጣል ብለዋል» አለች ጀዋሪያ።

«ይውጣ። ሲሰፉኝ ግን ዘለላዎቹ ይግጠሙ በያቸው።»

«ምኖቹ?»

«ንቅሳቴ ነዋ! ቆርጠው ሲያገጣጥሙ የላይኛው ሰረዝ የራሱን ታችኛ ያግኝ። የጎረቤቱን ይዞ እንዳይሄድ።»

ጀዋሪያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ተረጎመችላቸው። ዶክተሩ ግን አልሳቁም። ወንበራቸውን አስጠጉና ሰረዞቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ተከተሉ። እንቅርቱ ቆዳውን ስለወጠረው ተራርቀው ነበር፤ መስቀሉም ወደ ጎን ዘመም ብሏል። ከዚያ ረዘም አድርገው ተናገሩ።

«የታችኛውን ረድፍ ስር ስሩን ይዘው ነው የሚቆርጡት፤ ጠባሳው እዚያ ጥላ ውስጥ ይደበቃል» አለች ጀዋሪያ። «ሰረዞቹ ደግሞ ለልብስ ሰፊ እንደ ጠመኔ ምልክት ናቸው፣ የቱ ከየቱ እንደሚገጥም ያሳዩኛል ብለዋል። ግን አንድ ነገር ስሚ። መስፋቱ የሳቸው ነው፤ ከተሰፋ በኋላ ያለው ዓመት ያንቺ ነው። የእኛ ቆዳ ቂመኛ ነው፤ ካስቀየሙት ያብጣል።»

«እኔም ቂመኛ ነኝ፤ እንተዋወቃለን» አለች አበዛሽ።

ዶራሌ አዲሱ የኮንቴይነር ወደብ ሥራ ከጀመረ በኋላ በመጣው የመጀመሪያው ጥር ላይ ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ጥርን የመረጡት ዶክተሩ ናቸው፤ በዚያ ወር ጅቡቲ ላብ አያጠምቅም፣ ቁስልም በደረቁ ይድናል። አበዛሽ ከማደንዘዣው ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው ውሃ አልነበረም፤ መስታወት ነው። ጀዋሪያ ከለከለቻት። በፋሻ የተጠመጠመ አንገት ምኑ ይታያል?

ወደ ቤት ስትሸኛት ጀዋሪያ ያስጠነቀቀቻት ብዙ ነው። ቁስሉ እስኪደርቅ አይነካም፣ ቅርፊቱ በራሱ ይወድቃል እንጂ አይቀረፍም። ከደረቀ በኋላ ግራና ቀኙ እንዳይሳሳብ በጠባሳው ርዝመት ስስ ፕላስተር ይለጠፍበታል። ቀጥሎ ሲሊኮን የሚባል፣ እንደ ሙጫ ጥርት ያለ ቅባት አለ፤ እሱ ጠዋትና ማታ ለወራት ነው። ቆዳው ሲጠና ደግሞ በጣት ጫፍ ቀስ እያሉ ማሸት። እቃ መሸከም የለም፤ አንገትን ወደ ኋላ ጥሎ ሽቅብ ማየትም የለም። «ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን እንዳትረሺ» አለቻት፣ «ፀሐይ እንዳታየው። አዲስ ጠባሳ ፀሐይ ከመታው ይጠቁራል፤ ጠቁሮ ይቀራል። ዓመቱን ሙሉ ከቤት ስትወጪ ትሸፍኚዋለሽ።»

ሌላውን ሁሉ ሰምታ «እሺ» ስትል የነበረችው አበዛሽ ይህችን መቀበል ከበዳት። እንቅርት ተሸክማ ያልሸፈነችውን አንገት አሁን፣ እንግዳው ከወጣላት በኋላ፣ ትሸፍነው? ግን እናቷን አሰበችና ከማዳም ሱሪያ ቀጭን የጥጥ ሻሽ ተውሳ ተጠመጠመች።

ከተማው ታዲያ ዝም አላለም። አንዱ «አፈረች» አለ፣ ሌላው «እንቅርቱ ብሶባት ነው» አለ። ካርቲየ 4 ያለችው ዓሣ ሻጭ አበዛሽ የሰለመች መስሏት «ማሻአላህ!» ብላ አቀፈቻት፤ አንድ ዓሣም መረቀችላት። አበዛሽ ዓሣውን ተቀበለች፤ ሻሹን ስለ ጠባሳዋ እንዳደረገችው ግን እዚያው ቆማ አስረዳች። ዓሣ ሻጯም በሳቅ ፈረሰች፣ ዓሣውንም መልሺ አላለቻትም። ለሌላው ሰው ግን አበዛሽ ማስረዳቱን ተወችው። ውሻው ይጮኻል፣ ግመሉም ይሄዳል አይደል የሚባለው? ጅቡቲ ላይ ደግሞ ግመል መሆን የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ማዳም ሱሪያ የድሬዳዋ ነጋዴዎች ልጅ ናት፤ ከዱባይ ጨርቅ ታስመጣለች። አበዛሽ «ማዳም» ትላታለች እንጂ «እርስዎ» አትላትም። የድሬ ልጅ «እርስዎ» ስትባል ከኋላዋ ማን እንደቆመ ዞራ ነው የምታየው። በዚያ ወቅት ማዳም ሱሪያ የልብስ ማስጫውን ገመድ በገዛ እጇ ዝቅ አድርጋ አሰረችላት፣ ሽቅብ እንዳታይ ብላ። የጋዙን ቦምቦላም እንዳትነካ ከለከለቻት። ደግነቷ እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር።

«ወላሂ አበዛሽ፣ ይሄን ሁለት ሳምንት ብቻ ቀቢው፣ ድራሹ ይጠፋል!» ብላ አንድ ቀን የማንጫ ክሬም አመጣችላት።

«አቦ ማዳም፣ አንገቴን አንጥቼ ፊቴን ጥቁር ልተወው? ሰው ጭንቅላቷን ከማን ተዋሰች ይለኛል።»

«እሺ ቀሲል?» ቀሲል የሱማሌ ሴቶች ፊታቸውን የሚያጠሩበት የቅጠል ዱቄት ነው።

«ቀሲሉን ላንቺ ፊት።»

«እርድስ? በማር?»

እርዱም በማር ቀረበ፤ አበዛሽ ማሩን በዳቦ በላችው። ከአገር የመጡት የጎረቤት ሠራተኞች በበኩላቸው ፌጦና ለጋ ቅቤ አዘዙላት። ሁሉም ከልቡ ነው፣ ሁሉም የዳነ ዘመድ አለው። እሷ ግን ሲሊኮኗን ይዛ ሙጭጭ አለች። ያን ሰሞን እንደ አበዛሽ ለሐኪም የታዘዘ ሰው ጅቡቲ ውስጥ አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ታዲያ እንዲህ ሁሉን አሸንፋ የተሸነፈችው በማን መሰላችሁ? በራሷ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕላስተሩ የሚነሳበት ጊዜ ደርሶ መስታወት ፊት ቆመች። ጠባሳው ከታችኛው ረድፍ ስር እንደ ቀጭን ክር ተኝቷል፤ ገና ቀላ ያለ ነው እንጂ ሰላማዊ ነው። ሰረዞቹም አንዱ ሳይቀር የየራሳቸውን ግማሽ አግኝተዋል። አንዱ ሳይቀር ስል፣ የመሀለኛው ሲቀር ማለቴ ነው። መስቀሉን የሚያንጠለጥለው ሰረዝ የፀጉር ያህል ስቷል። ዶክተሩ ቆዳው ሲለሰልስ እየተጠጋ እንደሚሄድ ነግረዋታል። ማንም ሰው ደግሞ አያየውም።

አበዛሽ ግን አየችው። አንዴ ካየችው በኋላ ሌላ ነገር ማየት አቃታት። ድስት ስታማስል ይታያታል፣ ወለል ስትወለውል ይታያታል። እናቷም መጀመሪያ የሚያዩት እሱን እንደሚሆን እርግጠኛ ሆነች፤ የነቃሽ ዓይን መስቀሉን ሳይሆን የመስቀሉን መጋጠሚያ ነው የሚያየው። አንድ አርብ የቤቱ ሰው ሁሉ ለምሳ ዘመድ ጋ ሲሄድ መርፌ ቀቀለች፣ ከከሰል ምድጃው ቂጥ ጥላሸት ፋቀች፣ መስታወቷን ከግድግዳው አስደግፋ ተቀመጠች። የነቃሽ ልጅ ናት፤ እጇ ሥራውን ያውቃል። የፀጉር ያህሉን ክፍተት በነጠብጣብ ሞልታ ሰረዙን አጋጠመችው። በጣም አማረ። ኮራች። ያን ቀን ከሰዓቱን በሙሉ ስታንጎራጉር ዋለች።

ሳምንት ሳይሞላ ያሳክካት ጀመር። ከዚያ ቀላ፣ ከዚያ ጠነከረ፣ ከዚያም የወጋችበት ቦታ ሽምብራ አክሎ አበጠ። ያ ቂመኛ የተባለው ቆዳ ቂሙን አሳያት። ሻሿን ቤት ውስጥም አላወልቅ ስትል ማዳም ሱሪያ ጠረጠረች፤ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደቻት።

ጀዋሪያ ሻሹን ፈታ አየችና ቀና አለች። «ይሄ ምንድነው?»

«ትንሽ… አስተካክዬው ነው።»

«በምን?»

«በመርፌ።»

«አንቺ ሴትዮ! እሳቸው እንደ ሐር ሰፍተውልሽ አንቺ ሄደሽ ትወጊዋለሽ? ያልዳነ ጠባሳ ላይ ንቅሳት? ጉድ እኮ ነው! በአስር ጣቶቼ እየቆጠርኩ አስጠነቀቅኩሽ፣ አይደል?»

አበዛሽ ፊቷን በሻሹ ሸፈነች። እንባዋ መጣ። እንቅርት ሲወጣባት ያላለቀሰች፣ ስትቆረጥ ያላለቀሰች፣ በሽምብራ አለቀሰች። እየተንሰቀሰቀችም የእናቷን ነገር አንድ ሳታስቀር ነገረቻት፤ የታረደችውን ሴት፣ ትንፋሻቸውን፣ «አይቼ እወስናለሁ» ያሉትን። ጀዋሪያ እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር። ቁጣዋን ትታ ተነሳችና ለዶክተሩ ገብታ ነገረቻቸው።

ዶክተር ሙሚን መጥተው እብጠቱን ዳሰሱት። እብጠቱ ውስጥ የሚሰጥ መርፌ እንዳለ፣ በየወሩ እየመጣች እንደምትወጋ፣ ቀስ እያለ እንደሚሟሽሽ፣ ጨርሶ ላይጠፋም እንደሚችል አልደበቋትም። ከዚያ ለጀዋሪያ አንድ ነገር አሏት። «ሁለታችን አንድ ጨርቅ ላይ ነው የምንሠራው ይሉሻል» አለች ጀዋሪያ። «አንዱ ሲሰፋ ሌላው አይቀድድም። ተስማማን?»

«ተስማምተናል» አለች አበዛሽ። አፍንጫዋን ጠርጋ ጨመረችበት፦ «መርፌውን ለሳቸው ትቻለሁ በያቸው።»

ክረምቱ ገባ። የጅቡቲን ክረምት ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው፤ ከበረሃው ካምሲን የሚባለው ንፋስ ይነሳና የምድጃ አፍ የተከፈተ ይመስላል። አቅም ያለው ሁሉ ከተማውን ለቆ ይሄዳል። ማዳም ሱሪያም ልጆቿን ይዛ ድሬዳዋ ልትሄድ ስትነሳ «አብረን እንሂድ» አለቻት፤ አበዛሽ ወርሃዊ መርፌዋ እንዳያመልጣት ብላ ቀረች። መብራት ሲጠፋ፣ አየር ማቀዝቀዣው ጸጥ ሲል፣ ሻሹን በውሃ ነክራ ጨምቃ ትጠመጥመዋለች። ገበያ መንገድ ላይ ሳትደርስ ይደርቃል። እዚያች ሽምብራ ላይ ጣቷን አድርጋ እያዞረች ታሻለች፤ አላህንም ማርያምንም በየተራ ትጠራለች። እውነትም ሽምብራዋ ወደ ምስር ወረደች።

ዋለልኝ በዚያ ሰሞን መጣ። ቀልድ ይዞ አልመጣም።

«እማማ ገበያነሽ ተቀምጠው ነው የሚተኙት» አለ። «ከቤት እስከ በር ሁለቴ ያርፋሉ። በሚቀጥለው ጉዞ ይዣቸው ልምጣ።»

«ገና ነው ዋለልኝ። ያቺ እብጠት ገና ቀላ ያለች ናት። እማዬ አሁን ካየቻት ትሄዳለች፤ ከሄደች ደግሞ አትመለስም።»

«ብትዘገይስ?»

አንገቷ ጠብቂ ይላታል፣ የእናቷ ትንፋሽ ፍጠኚ ይላታል። የማንን እንደምትሰማ ግራ ገባት፤ እንዲህ የጨነቃት ጊዜ በሕይወቷ አልነበረም። በዚያ ሳምንት ወደ ጀዋሪያ ሄዳ ጠየቀቻት። ጀዋሪያ ጠባሳውን በብርሃን አገላብጣ አየችና፣ «ጠባሳ ይጠብቃል፤ ትንፋሽ አይጠብቅም። ከመስቀል አታሳልፊያቸው» አለቻት። አበዛሽም ለዋለልኝ ደወለች።

መስቀል በዋለ ሰሞን ወይዘሮ ገበያነሽ ከዋለልኝ መኪና ላይ ወረዱ። ነጠላቸው እስከ አገጫቸው ተጠምጥሟል። ዋለልኝ የሾፌር አልጋውን ለቆላቸው፣ እሳቸው ግን ቀና ብለው ተቀምጠው መጥተዋል። ማዳም ሱሪያ በር ድረስ ወጥታ እጃቸውን ስማ ተቀበለቻቸው። እሳቸው ሰላምታውን በቅጡ ተቀብለው፣ በወንበር ተቀምጠው፣ ውሃ ተጎንጭተው፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ። ከዚያ ልጃቸውን ጠሩ።

«ወደ ብርሃኑ ነይ። ሻሹን ፍቺው።»

አበዛሽ ቋጠሮውን ስትጎትት ይብስ ጠበቀባት። እናቷ ራሳቸው ፈቱት። አገጯን ይዘው ወደ ግራ አዞሩት፣ ወደ ቀኝ አዞሩት፣ ቀና አደረጉት። ብዙ ጊዜ ወሰዱ። ቀጥሎ ሌባ ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ታችኛውን ረድፍ ፈተግ ፈተግ አደረጉ፤ ቀለም ተቀብታ እንዳታታልላቸው ነው። ጣታቸውን አዩት። ንጹሕ ነው።

«የት ጋ ነው የቆረጡሽ?» አሉ።

አበዛሽ ለወራት ሌሎች ጥያቄዎችን ስታጠና ነው የከረመችው። ይህን አልጠበቀችውም። በደስታ የእናቷን ጣት ይዛ በጠባሳው ላይ ከዳር እስከ ዳር ወሰደችው። ወይዘሮ ገበያነሽ ዓይናቸውን አጥብበው ተከተሉት። ሰረዞቹን አንድ በአንድ፣ እንደ መቁጠሪያ፣ በጣታቸው ወረዱባቸው።

«እጄ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የገዛ እጄ ሥራ ነው። ሐኪሙ አላበላሸውም።» ከዚያ ጣታቸው መሀል ላይ ቆመ። «ይቺስ? ይቺ ጉብ ያለችው?»

«እሷ የሐኪሙ አይደለችም» አለች አበዛሽ። «የኔ ናት። ሰረዟ ስታ ነበር፤ በመርፌ ላጋጥማት ብዬ…»

«በመርፌ?»

«በመርፌና በጥላሸት።»

ወይዘሮ ገበያነሽ መጀመሪያ አፈጠጡባት። ከዚያ ትከሻቸው መርገፍገፍ ጀመረ፤ ሳቁ መጣ። ሳቁ ወደ ፉጨት ተለወጠ፣ ፉጨቱም ወደ ማነቅ። ነጠላቸውን ከአንገታቸው ገፍፈው ጣሉት፤ ዓይናቸው ፈጠጠ። ማዳም ሱሪያ እየሮጠች ደገፈቻቸው፣ ዋለልኝ ማራገቢያውን ፊታቸው ላይ አዞረው፣ አበዛሽ «እማዬ! እማዬ!» እያለች ጀርባቸውን ያዘች። ግቢው ውስጥ የሳቸው ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ነበር። በስንት መከራ ተመለሰ።

ላባቸውን ጠርገው ተቀመጡ። ነጠላቸውን ዋለልኝ ቢያቀብላቸው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት እንጂ አልለበሱትም።

«መቼ ነው ተራዬ?» አሉ።

«ነገ ጠዋት እንሂድ።»

«እሺ። ነገ ጠዋት።» ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩባት። «አንቺ ግን መርፌ ይዘሽ አጠገቤ እንዳትደርሺ!»

በማግስቱ ሐኪም ቤቱ ወረፋ ያለበት ኮሪደር ላይ ሱማሌዎችም አፋሮችም ተቀምጠው ነበር። ከመካከላቸው አንዲት ወጣት ሴት አንገቷን በሻሽ አጥብቃ ጠምጥማለች፤ ከሻሹ ስር ያለው እብጠት ግን አልተደበቀም። ወይዘሮ ገበያነሽ አይተዋታል። የሷን ቋንቋ አያውቁም፣ እሷም የሳቸውን አታውቅም። ጀዋሪያ ደግሞ ውስጥ ነበረች። ግን ምን ቋንቋ ያስፈልጋል? መጀመሪያ የገዛ እንቅርታቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው አሳዩዋት፤ ቀጥለው ልጃቸውን በክንዷ ጎትተው ኮሪደሩ መሀል አቆሟትና ሻሿን ከአንገቷ ላይ ሳብ አደረጉት።

«እዩት!» አሉ በአማርኛ፣ ለኮሪደሩ ሁሉ። «የኔ ልጅ ናት! እዚህ ጋ ነው የተቆረጠችው። እዩት እስቲ! አይታይም እኮ!»

ወጣቷ ተነስታ መጣች። ጎኗ የተቀመጠችው ሴትም ተከተለች፤ ከወዲያ ማዶ ያሉ አሮጊትም መነጽራቸውን ፈልገው ተጠጉ። አበዛሽ መሀላቸው አገጯን ቀና አድርጋ ቆመች፤ ጀዋሪያ ወጥታ «ገበያነሽ!» ብላ እስክትጠራና እናቷ «አቤት፣ መጣሁ!» ብለው እስኪገቡ ድረስም አላወረደችውም።